ከባለ ሸራ ጀልባ ሞተር ሙቅ ውሃ ማግኘት፦ ቦይለሩን መግጠም፣ አየሩን ማስወጣት፣ ችግሩን መለየት

የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጀልባዋን ለመግፋት የሚውለው ሲሶው ገደማ ነው። ሌላው ሲሶ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የቀረው በማቀዝቀዣው በኩል ባሕር ውስጥ ይደፋል። ከሞተሩ ጋር የሚታሰር ቦይለር ከዚህ ከሚደፋው ሙቀት ጥቂቱን ቀንሶ የመታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ያሞቃል። ሞተሩ ጀልባዋን እየገፋ እያለ ለውሃው ተብሎ የሚቃጠል ተጨማሪ ነዳጅ የለም ማለት ይቻላል።

ይህ ዕቃ ተገጥሞላቸው ውሃቸው ለብ ከማለት አልፎ የማያውቅ ጀልባዎች ግን ብዙ ናቸው። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ የሚጠረጥሩት ቦይለሩን ነው፣ አንዳንዶቹም አውጥተው አዲስ ይገዛሉ። ጥፋቱ የቦይለሩ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሞቀው ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) በበቂ መጠን ቦይለሩ ጋ አልደረሰም። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የያዙት ሁለቱ የኩላንት ቱቦዎች፣ ከፍታቸውና ውስጣቸው የሚታሰረው አየር ናቸው። ስሌቶቹ የተሠሩት ከ9 እስከ 11 ሜትር ርዝመት ላላት፣ ከ20 እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተርና 22 ሊትር ቦይለር ለያዘች ጀልባ ነው።

አሠራሩ

ቦይለሩ ሽፋን የለበሰ የውሃ ጋን ነው። በውስጡ የተጠማዘዘ የብረት ቱቦ ያልፋል፤ በዚህ ጥምዝ ቱቦ ውስጥ የሞተሩ ኩላንት ይዞራል። ኩላንቱና የምትታጠቡበት ውሃ አይገናኙም፣ ሙቀቱ ብቻ በብረቱ አልፎ ይሻገራል። የመኪና ውስጥ ማሞቂያ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ሙቀቱን የሚወስደው አየር መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ቦይለሮች ጀልባዋ ወደብ ላይ ታስራ ከመብራት ስትገናኝ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግም አላቸው። በአሜሪካ 120 ቮልት ላይ ዘንጉ ብዙውን ጊዜ 1500 ዋት፣ በአውሮፓ 230 ቮልት ላይ 750 ዋት አካባቢ ነው።

መጀመሪያ የሞተራችሁን ዓይነት ለዩ

የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ኩላንት ሲሆን፣ የባሕር ውሃ ከሞተሩ ጎን ባለው ሙቀት ማስተላለፊያ ብቻ አልፎ ኩላንቱን ያቀዘቅዛል። በሁለተኛው የባሕር ውሃ ራሱ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይዞራል። ሞተሩ አናት ላይ የመኪና ራዲያተር ዓይነት ክዳን ካለ የመጀመሪያው ነው።

ልዩነቱ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ እየተከፈተ ማቀዝቀዣውን የሚለቅ ቫልቭ) ላይ ይታያል። ያንማር 3ጂኤም30ኤፍ በኩላንት የሚቀዘቅዝ ነው፤ ቴርሞስታቱ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መከፈት ጀምሮ 85 ላይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። በባሕር ውሃ የሚቀዘቅዘው ወንድሙ 3ጂኤም30 ግን 42 ላይ ጀምሮ 52 ላይ ይጨርሳል። ዝቅ የተደረገበት ምክንያት አለው፦ የባሕር ውሃ ከ60 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ በውስጡ የሟሟው ጨውና ማዕድን እየተጋገረ የሞተሩን መተላለፊያ ይደፍናል።

ሁለተኛው ዓይነት ሞተር ካላችሁ በቦይለሩ ጥምዝ ቱቦ የባሕር ውሃ እንዲዞር አታድርጉ። መዳብ ወይም አይዝጌ ብረት የሆነው ቀጭን ቱቦ በጨው ይበላል፤ ሲበሳ ደግሞ የሚበላሸው የመጠጥ ውሃችሁ ነው። ጥምዙ ባይበላ እንኳ የምታገኙት ከ45 ዲግሪ እምብዛም የማያልፍ ውሃ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ሙቀት ደግሞ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። ለእንዲህ ያለ ጀልባ የኤሌክትሪኩ ዘንግ ብቻ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው በኩላንት ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው።

መጠንና ቦታ

ለሁለት ሰው 20 ሊትር ገደማ፣ ለአራት ሰው ከ30 እስከ 40 ሊትር ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው 6 ጋሎን ነው፣ ከ22 ሊትር በጥቂቱ ይበልጣል። ትልቅ ሁሉ ግን የተሻለ አይደለም። ከማሪና (ከጀልባዎች ማቆሚያ ወደብ) ወጥታችሁ ሸራ እስክትዘረጉ ድረስ ሞተር የምታስነሱት ለ20 ደቂቃ ከሆነ፣ 40 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ከሚኖራችሁ 20 ሊትር ትኩስ ውሃ ይሻላችኋል። ትኩሱን ከቀዝቃዛ ጋር አደባልቃችሁ ታበዙታላችሁ፤ ለብ ባለው ግን ምንም አይደረግም።

ቦታው ለሞተሩ የቀረበ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን የጥምዙ አናት ከሞተሩ የኩላንት ክዳን በታች ቢሆን ብዙ ጣጣ ይቀራል። ዝቅ ማለቱ አንድ ጉዳት አለው፣ ሌሊት ሙቀት ወደ ሞተሩ ይሸሻል፤ እሱ ግን በአንድ ቫልቭ የሚፈታ ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቦይለር የሚያመጣው የአየር ችግር ግን ተጨማሪ ጋን ይጠይቃል። ምርጫ ካላችሁ ዝቅተኛውን ቦታ ያዙ።

22 ሊትር ውሃ ከነጋኑ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ነው፣ ጀልባዋ ስታጋድል ይህ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው በማሰሪያው ላይ ነው። በእንጨት ብሎን ብቻ አትተማመኑ። ወለሉ ላይ 18 ሚሊሜትር የባሕር ፕላይውድ በኢፖክሲ ለጥፋችሁ፣ ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ አድርጋችሁ በ8 ሚሊሜትር አይዝጌ ብሎን አልፋችሁ እሰሩት። የሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው)፣ የኤሌክትሪኩ ሳጥንና የማፍሰሻው ብሎን ከታሰረ በኋላም እጅ የሚገባባቸው መሆናቸውን ከመብሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለኩላንቱ መስመር ለሞተር ማሞቂያ የተሠራ፣ በውስጡ ክር ያለው ጥቁር ጎማ ቱቦ ግዙ፤ ከ100 ዲግሪ በላይ እንደሚችል በላዩ ተጽፎ ይገኛል። የውስጡ ስፋት ብዙ ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊሜትር ነው፤ የሞተራችሁን መውጫ ለክታችሁ ከእሱ ጋር የሚሄደውን ያዙ፣ መንገድ ላይ አታጥብቡት። ግልጹ የፕላስቲክ ቱቦ ሲሞቅ ይለሰልስና ከፋሸታው ሥር ይሾልካል፣ የፈላ ኩላንት ሞተር ክፍል ውስጥ መርጨት ደግሞ ሰው ያቃጥላል። ፋሸታዎቹ ሙሉ በሙሉ አይዝጌ ይሁኑ፤ ሰውነቱ አይዝጌ ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት የሆነው በአንድ ወቅት ውስጥ ዝጎ ይበጠሳል።

ኩላንቱ በሞተሩ መጽሐፍ የተፈቀደ መሆን አለበት። የተፈቀደ ከሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን ምረጡ። የተለመደው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ጥምዙ ከተበሳም መንገዱ ወደ መጠጥ ውሃ ነው። ድብልቁ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ነው። አሮጌውን ሳታፈስሱ ሌላ ዓይነት አትጨምሩበት፤ ቀለማቸው መመሳሰሉ ማረጋገጫ አይሆንም፣ የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ዝቃጭ ይሠራሉ።

ለመጠጥ ውሃው ወገን ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ሴፍቲ ቫልቭ (ብዙ ጊዜ ከቦይለሩ ጋር ይመጣል)፣ 2 ሊትር የማስፋፊያ ጋን፣ የሙቀት መቀላቀያ ቫልቭ (ሙቁን ከቀዝቃዛ ጋር አደባልቆ የሚያወጣ) እና 90 ዲግሪ የሚችል ቱቦ ያስፈልጋሉ። የቦይለሩ ጋን አሉሚኒየም ከሆነ የነሐስ መገጣጠሚያ በቀጥታ አትጥለፉበት፣ ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። አምራቹ የሚሰጠውን የፕላስቲክ ወይም የአይዝጌ ኒፕል (አጭር ባለ ጥርስ መገጣጠሚያ) ተጠቀሙ።

ከሞተሩ ጋር ማገናኘት

ኩላንት የሚፈሰው በሁለት ነጥቦች መካከል የግፊት ልዩነት ሲኖር ብቻ ነው። የሞተሩ ኩላንት ፓምፕ በአንድ ወገን ይገፋል፣ በሌላው ይስባል። ወደ ቦይለሩ የሚሄደው ቱቦ ከሚገፋበት ወገን፣ ቴርሞስታቱ ሳይደረስ መነሳት አለበት፤ የሚመለሰው ደግሞ ፓምፑ በሚስብበት ወገን ይግባ። ሁለቱም ቱቦዎች ግፊቱ እኩል ከሆነበት ቦታ ከተጠለፉ ሞተሩ የፈላ ቢሆንም በጥምዙ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም። ከቴርሞስታቱ በኋላ ከጠለፋችሁ ደግሞ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ ምንም አይመጣም፤ ሞተሩ በቀላል ሥራ ላይ ሲሆን ያ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

አብዛኞቹ የጀልባ ሞተሮች ለዚሁ የተዘጋጁ ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፣ በብሎን ተደፍነው ይመጣሉ። በሞተሩ መጽሐፍ ውስጥ በማቀዝቀዣው ሥዕል ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ብሎኖቹን ከመፍታታችሁ በፊት ኩላንቱን አፍስሱ፣ ኒፕሉን ለሙቀት በሚሆን የክር ማሸጊያ ጥለፉት፣ ጥርሱ ከጀመረ በኋላ የሚከብድ ከሆነ አታስገድዱት፤ የጥርሱ ዓይነት ሌላ ሊሆን ይችላል።

በአንዳንድ ሞተሮች ቦይለሩ የሚገባው ከቴርሞስታቱ ቤት ወደ ፓምፑ በሚሄደው የማለፊያ ቱቦ መሃል ተቆርጦ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኩላንቱ የሚዞረው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። እንዲህ በተሠራ መስመር ላይ የሚዘጋ ቫልቭ አትግጠሙ። መንገዱ ከተዘጋ የሞቀው ኩላንት ቴርሞስታቱን አይነካውም፣ ቴርሞስታቱም አይከፈትም፤ ሞተሩ በውስጡ ይግላል። ቫልቭ ከፈለጋችሁ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) የሚገናኝ አጭር ማለፊያ ጨምሩ።

ቱቦዎቹን ስትዘረጉ ከሞተሩ እስከ ቦይለሩ ያለማቋረጥ የሚወጡ ወይም ያለማቋረጥ የሚወርዱ ይሁኑ። መሃል ላይ የሚወጣና የሚወርድ ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይቀመጣል፣ ፓምፑም አያስወጣውም። ከጭስ ማውጫው አርቁ፣ ከስለት ጠርዝ ጋር በሚነካኩበት ቦታ ሌላ ቱቦ ሰንጥቃችሁ አልብሱ፣ በየ40 ሴንቲሜትሩ እሰሩ።

ቦይለሩ ከሞተሩ ክዳን ከፍ ያለ ከሆነ

ብዙ ጀልባዎች ላይ ያለው ቦታ ከመሪው ጎን ወንበሩ ሥር ያለው ሳጥን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሞተሩ አናት በላይ ነው። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ በጥምዙ ውስጥ ይከማቻል፣ በሞተሩ ክዳን በኩል ኩላንት ብትጨምሩም እዚያ አይደርስም። የአንድ ሥርዓት መሙያ ከሥርዓቱ ሁሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

መፍትሔው ከጥምዙ አናት በላይ ሁለተኛ የኩላንት ጋን መስቀል ነው፤ 1 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ከሥሩ የሚወጣው ቱቦ ከቦይለሩ በሚመለሰው መስመር ላይ በቲ ይገናኝ፣ ፓምፑ በዚያ በኩል ይስባል። ከመስመሩ ከፍተኛ ነጥብ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ ወደ ጋኑ አናት ይግባ፣ አየሩ የሚወጣው በእሱ ነው። ከዚያ ክዳኖቹን አዘዋውሩ። ግፊት የሚይዘው ክዳን ወደ ላይኛው ጋን ይሄዳል፣ መጠኑ ከነበረው ጋር አንድ ይሁን (ብዙ ያንማር ሞተሮች ላይ 0.9 ባር ነው)። የሞተሩ አፍ ደግሞ ምንም በማያስተነፍስ ድፍን ክዳን ይዘጋል። አሮጌውን ክዳን ሞተሩ ላይ ትቶ ሁለተኛ ጋን መስቀል በብዛት የሚታይ ስህተት ነው፦ የላይኛው ጋን ኩላንት በታችኛው ክዳን በኩል ይፈስሳል፣ ሥርዓቱም መልሶ አየር ይስባል።

መሙላትና አየር ማስወጣት

ይህን ሥራ በቀዝቃዛ ሞተር ጀምሩ፤ የሞቀ ሞተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። ለሁለት ሰው የሚመች ሥራ ነው።

1. ሁለቱን ቱቦዎች በቦይለሩ በኩል እሰሩ፣ በሞተሩ በኩል ፍቱ። የተፈቱትን ጫፎች ከቦይለሩ አናት በላይ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።

2. በአንደኛው ጫፍ ላይ ፈነል (አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ቀጭን የሆነ ማፍሰሻ) ሰክታችሁ ኩላንቱን ቀስ ብላችሁ አንቆርቁሩ። መጀመሪያ በሌላው ጫፍ አየር ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋ የቀላቀለ ኩላንት። አረፋ የሌለው እስኪመጣ ድረስ አታቁሙ። በየመሃሉ ቱቦውን በእጅ መጭመቅና መልቀቅ የተጣበቀውን አረፋ ያነሳዋል።

3. ሁለቱን ጫፎች በቡሽ ወይም በአውራ ጣት ደፍናችሁ ወደ ሞተሩ አውርዱ፣ አንድ በአንድ ፈጥናችሁ ስኩና ፋሸታውን አጥብቁ። ጥቂት ይፈስሳል፤ ከሥር ጨርቅና ሳህን ይኑር።

4. ሞተሩን (ወይም የላይኛውን ጋን) በክዳኑ በኩል እስከ አፉ ሙሉ። ሞተሩ ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለ ኩላንት እስኪያወርድ ከፍታችሁ ዝጉ።

5. ክዳኑን ሳትዘጉ አስነሱ፣ ዙሩን በደቂቃ 1000 ገደማ አድርጉ። ደረጃው ሲወርድ ጨምሩ። ቱቦዎቹን ጭመቁ፣ ለአንድ ደቂቃ ዙሩን ወደ 1500 አድርሱና መልሱ። ደረጃው መውረዱን ሲያቆምና አረፋ መምጣቱ ሲቀር፣ ኩላንቱ ገና ለብ እንዳለ፣ ክዳኑን ዝጉ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ እየሰፋ ይገነፍልባችኋል።

6. ሞተሩን ወደ መደበኛ ሙቀቱ አድርሱት። ወደ ቦይለሩ የሚሄደው ቱቦ መጀመሪያ ይሞቃል፣ የሚመለሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይከተላል። የሙቀት መለኪያውን አትርሱ፤ ሽቅብ ከወጣ አጥፉ፣ የተያዘው አየር ወደ ሞተሩ ገብቷል ማለት ነው።

7. ሲቀዘቅዝ ደረጃውን እዩና ሙሉ፣ ፋሸታዎቹንም እንደገና አጥብቁ። ጎማው ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይረግባል። በቀጣዮቹ ጉዞዎችም ከመነሳታችሁ በፊት ደረጃውን እዩ።

የመጠጥ ውሃው ወገን

ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፣ ሙቁ ከላይ ይወጣል። ወደ ውስጥ በሚገባው ላይ ቼክ ቫልቭ ካልተገጠመ የሞቀው ውሃ እየሰፋ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ይመለሳል፤ የመጠጥ ቧንቧውን ስትከፍቱ ሞቅ ያለ ውሃ ይመጣል፣ የፓምፑም ላስቲክ ይጎዳል።

ቼክ ቫልቩ ሲገባ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። 22 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 75 ዲግሪ ሲሞቅ በ2.5 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ከግማሽ ሊትር በላይ ማለት ነው። መመለሻው ከተዘጋ ያ ግማሽ ሊትር የሚወጣው በሴፍቲ ቫልቩ ብቻ ነው። «ቦይለሬ ያንጠባጥባል» ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ይህ ናቸው፤ ቫልቩ የተሠራለትን ሥራ እየሠራ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሲከፈት ኖራ ይይዘውና መዝጋት ያቅተዋል፣ ከታንኩም ንጹሕ ውሃ ይባክናል። ስለዚህ በቼክ ቫልቩና በቦይለሩ መካከል 2 ሊትር የማስፋፊያ ጋን አስገቡ። የአየሩን ግፊት ውሃ ሳይገባበት በጎማ መንፊያ ፓምፑ ከሚያቆምበት ግፊት እኩል አድርጉት፤ ብዙዎቹ የጀልባ ፓምፖች 2.8 ባር ላይ ያቆማሉ። ከዚያ ካነሰ ጋኑን አስቀድሞ ቀዝቃዛው ውሃ ይሞላዋል፣ ለሚሰፋው ቦታ አይተርፍም።

ሴፍቲ ቫልቩን ማንም አይድፈነው፣ ከፍ ባለ ግፊት በሚከፈት ሌላም አይቀይረው። የአሜሪካ የጀልባ ቦይለሮች ብዙ ጊዜ 75 ፒኤስአይ፣ ማለትም 5.2 ባር ላይ የሚከፈት ይዘው ይመጣሉ። የሚወጣውን ውሃ በቱቦ ወደሚታይ ዕቃ ምሩት፣ ሲያንጠባጥብ እንድታውቁ።

ቀጥሎ የሙቀት መቀላቀያ ቫልቭ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል፤ በሞተር የሚሞቅ ቦይለር ላይ ግን የግድ ነው ብለን እናምናለን። የቤት ቦይለር ሙቀቱን የሚቆርጥ የራሱ ቴርሞስታት አለው። በሞተር የሚሞቀውን የሚቆርጠው ምንም የለም፤ ውሃው እስከ ሞተሩ ሙቀት፣ እስከ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሄዳል። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል፣ የሕፃን ቆዳ ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ቫልቩን ከቦይለሩ መውጫ አጠገብ ግጠሙ፣ በሁለቱም መግቢያዎቹ ላይ ቼክ ቫልቭ ይኑር፤ 50 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ ቧንቧው ጋ በኩባያና በቴርሞሜትር ለኩት። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን አይታመንም።

ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል ውሃ

22 ሊትርን ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። 1500 ዋት ዘንግ ይህን በ50 ደቂቃ ገደማ፣ 750 ዋት ደግሞ በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ይሠራዋል። በሞተር ሲሆን ስሌቱ የኩላንቱ ፍሰት ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ኩላንት በጥምዙ አልፎ በ10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ቢመለስ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ትቶ ሄዷል። ሞተሩ እስኪሞቅ የሚወስደውን ጨምሮ፣ በጉዞ ዙር ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃል።

መልህቅ ጥሎ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠሩ ውሃ ለማሞቅ መሞከር ግን ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። ጭነት የሌለው ሞተር የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ነው፣ ፓምፑም በዝግታ ይዞራል፣ ጊዜው ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ደግሞ ካርቦን ይይዛል፣ የሲሊንደሩ ግድግዳም እንደ መስታወት ልሙጥ ይሆንና ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ወደ መልህቅ ቦታ ስትቃረቡ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት በሞተር መግባት ይሻላል፤ ውሃው ይሞቃል፣ ባትሪውም አብሮ ይሞላል።

75 ዲግሪ የሆነ 22 ሊትር ከ15 ዲግሪ ውሃ ጋር ተደባልቆ 40 ዲግሪ ሲደረግ በስሌት 53 ሊትር ይሆናል። እየተጠቀማችሁ ሳለ ከሥር የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያበርደው በተግባር 40 ሊትር ቁጠሩ። ሰውነትን አርሶ ውሃውን ዘግቶ ሳሙና ተቀብቶ፣ ከዚያ ከፍቶ ለሚለቃለቅ ሰው ከ7 እስከ 8 ሊትር ስለሚበቃ፣ አምስት ሰው ይታጠባል። ቧንቧው እስኪሞቅ የሚፈሰውን አትድፉት፦ 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው 4 ሜትር ቱቦ ከግማሽ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይይዛል። ጀበና ወይም ማንቆርቆሪያ ከሥሩ አድርጉ።

ሙቀቱ እስከ ጠዋት እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ቦይለሩ ከሞተሩ ዝቅ ያለ መሆን አለመሆኑን እዩ። ዝቅ ያለ ከሆነ የሞቀው ኩላንት ያለ ፓምፕ በራሱ ወደ ላይ፣ ወደ ቀዘቀዘው ሞተር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቦይለሩ ሞተሩን ሲያሞቅ ያድራል። በሚሄደው ቱቦ ላይ አንድ ቫልቭ ገጥማችሁ ማታ ዝጉት (ከላይ የተባለውን የማለፊያ መስመር ጉዳይ አስታውሱ)። ሁለቱን ቱቦዎች ግን አትዝጉ፤ ኤሌክትሪኩ ሲሠራ በጥምዙ ውስጥ የታሰረው ኩላንት ሰፍቶ መሄጃ ያጣል።

ውሃው ካልሞቀ

ሞተሩ ለግማሽ ሰዓት ጭነት ላይ ከሠራ በኋላ ሁለቱን የኩላንት ቱቦዎች ቦይለሩ ጋ ሲደርሱ ለኩ። በጨረር የሚለካ ርካሽ ቴርሞሜትር ይበቃል፣ እሱ ከሌለም በእጅ ጀርባ በጥንቃቄ ንኩ።

ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ኩላንት አልተነሳም፦ አየር ይዟል፣ ቫልቭ ተዘግቷል፣ ወይም ቱቦዎቹ የተጠለፉት የግፊት ልዩነት ከሌለበት ቦታ ነው። መጀመሪያ አየሩን አስወጡ።

የሚሄደው ትኩስ ሆኖ የሚመለሰው ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ፍሰቱ ደካማ ነው። የታጠፈ ቱቦ፣ የጠበበ ኒፕል፣ የተከማቸ አረፋ ፈልጉ። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ተልጦ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል።

ሁለቱም ትኩስ ሆነው ቧንቧው ለብ ያለ ውሃ ከሰጠ ቦይለሩን ተዉትና የመቀላቀያ ቫልቩን እዩ። ቦይለሩ መውጫ ላይ ያለው ቱቦ የሚያቃጥል ከሆነ ቫልቩ ኖራ ይዞታል፤ ፈትታችሁ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፉት። መውጫውም ለብ ያለ ከሆነ ጥምዙ በውሃው ወገን በኖራ ተሸፍኗል። ሁለቱም ቱቦዎች 50 ገደማ ላይ ቆመው የሞተሩ መለኪያም ከወትሮው ካነሰ፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። እሱን አውጥታችሁ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥሉና እያሞቃችሁ በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት በቴርሞሜትር አረጋግጡ።

አንድ ምልክት ግን ሥራ የሚያስቆም ነው። የትም የማያፈስ ሞተር ኩላንቱ እየጎደለ ከሄደ፣ ወይም በተቃራኒው የኩላንቱ መጠባበቂያ ጠርሙስ ሳትጨምሩበት እየሞላ ከገነፈለ፣ ጥምዙ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። የመጠጥ ውሃው ፓምፕ ሲሠራ ግፊቱ ከኩላንቱ ስለሚበልጥ ውሃው ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ፓምፑ ጠፍቶ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ኩላንቱ ወደ መጠጥ ውሃው ይመጣል። ሙቁ ውሃ ቀለም ካለው ወይም ዘይት ዘይት ካለ አትቅመሱት። ሁለቱን ቱቦዎች ከቦይለሩ ፈትታችሁ እርስ በርስ አገናኙ፣ ሞተሩ ያለ ቦይለር ወደ ቤት ያደርሳችኋል። የመጠጥ ውሃውን መስመር አፍስሱና በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ኤሌክትሪኩና ክረምቱ

ዘንጉ በራሱ ብሬከርና በ30 ሚሊአምፔር የፍሰት መቁረጫ (ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ መስመሩን የሚቆርጥ ዕቃ) ይጠበቅ፤ መሬት ሽቦውን የሙያው ባለቤት ይግጠመው። ጀልባዋ ወደብ ላይ ከሰነበተችና ውሃው ለብ ብሎ ከቆየ፣ ከመታጠባችሁ በፊት ጋኑን ከ60 ዲግሪ በላይ አድርሱት።

ውሃ በረዶ በሚሆንበት አገር ክረምት ሲቃረብ የመጠጥ ውሃውን ሁሉ ከቦይለሩ አፍስሱ። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ ሙቅ ቧንቧ ክፈቱ፣ ሴፍቲ ቫልቩን በእጅ አንሱት አየር እንዲገባ፣ ከዚያ የሥሩን ማፍሰሻ ፍቱ። አየር ካልገባ ውሃው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። በጥምዙ ያለው ኩላንት በትክክል የተደባለቀ ከሆነ አይነካም። ለቧንቧዎቹ መርዝ የሌለበትን ሮዝ የመጠጥ መስመር ፀረ በረዶ ስታስገቡ ቦይለሩን አልፋችሁ መግቢያውንና መውጫውን በአጭር ቱቦ አገናኙ፤ አለበለዚያ 22 ሊትሩን ሁሉ መሙላት ይኖርባችኋል፣ በጸደይም ጣዕሙን ለማስለቀቅ ብዙ ውሃ ትጨርሳላችሁ።

ባዶ ቦይለር ላይ መብራት ከተለቀቀ ዘንጉ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። በጸደይ ጀልባዋ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብሬከሮቹን ሁሉ በአንዴ ያነሳል፤ ስለዚህ የቦይለሩን ብሬከር በፕላስተር ለጥፋችሁ «ባዶ ነው፣ ሙቅ ቧንቧው ውሃ ሳይሰጥ አይነሳ» ብላችሁ ጻፉበት።